ድራጎን ይዘን ወደ ድሬ

በሴሚስተሩ እረፍት የእህቴን ልጅ ይዤ ድሬዳዋ ነበርኩ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፣ ቼዝ ትጫወታለች። ድሬ ላይ ከ16 ዓመት በታች ውድድር አለ ሲባል እናቷ «አንተ ውሰዳት፣ እኔ ፈቃድ አይሰጡኝም» አለች። እኔ ደግሞ ድሬ ሲባል እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። በጥር ሙቀቱ ስለሚበርድ የተሻለ ጊዜም የለም።

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ ጭሮ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። ቲኬቱ ለአንድ ሰው 1,300 ብር ነበር። ሻንጣ ጣራ ላይ ለማስጫን 50 ብር ተጨመረ። ቼዙን ግን ከእጇ አላወጣችም።

እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስለሆነ የሚወራ የለውም፤ ሁሉም ተኝቷል። መተሐራ ስንደርስ በስተቀኝም በስተግራም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ የበሰቃ ሐይቅ። ይህ ሐይቅ ለዓመታት እየሰፋ መንገዱንም የድሮውንም ሐዲድ ሲያስቸግር ኖሯል። ልጅቷ ቀና ብላ አይታ «ያምራል» አለችና ወደ ማግኔት ቦርዷ ተመለሰች። ከቦርዱ አንድ ጥቁር ሩክ (ግንብ የሚመስለው) ጠፍቷል። በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ቆሟል። ይህ ቆርኪ ብዙ ሥራ ሊሠራ ነው።

አሁን ስለ ድራጎኑ ልናገር፣ አለዚያ ቀጣዩ ነገር አይገባችሁም። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ ጥቁሩ በሲ5 ከመለሰ (የሰሌዳው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት) ሲሲሊያን ይባላል። ከሲሲሊያን ዓይነቶች አንዱ ድራጎን ነው። ጥቁሩ ቢሾፑን ጂ7 ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሆኖ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ያያል። ነጩ ደግሞ ቢሾፑን ኢ3፣ ንግሥቱን ዲ2 ያደርግና በረጅሙ በኩል ካስል ያደርጋል፣ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን ባንድ ጊዜ አንቀሳቅሶ ንጉሡን ይደብቃል። ይህ ዩጎዝላቭ አታክ ይባላል። ንጉሦቹ በተቃራኒ ጎን ስለሆኑ ሁለቱም ሳይፈሩ ወታደር ይገፋሉ፣ መስመር ይከፍታሉ። ነጩ በኤች መስመር፣ ጥቁሩ በሲ መስመር ይመጣል። ቀድሞ የደረሰ ይገድላል። አንድ እርምጃ ማርፈድ እዚህ ላይ ጨዋታውን ማጣት ነው።

እኔ ለልጅ የሚሆን መከላከያ አይመስለኝም። ካሮ ካን ብትጫወት እመርጣለሁ። ነግሬያታለሁ። «ጋሼ፣ ካሮ ካን እንቅልፍ ያመጣል» ነው መልሷ።

ጭሮ ላይ ለምሳ ቆምን። የድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው፤ ትልልቆቹ አሁንም እንዲያ ነው የሚሏት። ጥብስ ፍርፍር ለሁለት 420 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ይህን የሚያህል ትሪ አይመጣም። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጨርጨር ተራሮች ላይ ነው፣ እርከን በእርከን፣ ጫትና ማሽላ።

ሐሙስ ከሰዓት፤ ከሂርና ወዲያ

ሂርናን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ይሁን፣ ጎማ ይፈነዳል። ችግሩ ትርፉን ጎማ ሲያወርዱት እሱም ነፍስ የለውም። ረዳቱ ጎማውን በሚያልፍ አይሱዙ ጭኖ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛ መንገድ ዳር ቁጭ አልን።

የሰፈሩ ልጆች ሸንኮራ ይዘው መጡ፣ አንዱ አገዳ 20 ብር። ከመካከላቸው አንዱ ቦርዱን አይቶ ተጠጋ። «ዳማ ነው?» አለ። አይደለም አለችው። ቁጭ ብሎ አየ። ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል ለመረዳት የፈጀበት ጊዜ እኔ ከፈጀብኝ በጣም ያነሰ ነው። ጎማው እስኪመጣ ድረስ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ «አንዴ ድገሚኝ» እያለ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የሁለቱን ታላላቅ ቼዘኞች፣ የካርፖቭንና የኮርችኖይን ጨዋታ ያሳየኋት። በ1974 እ.ኤ.አ. ሞስኮ፣ የእጩዎች ፍጻሜ (የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው የሚለይበት)፣ ሁለተኛው ጨዋታ። ኮርችኖይ ድራጎን ተጫወተ። ካርፖቭ በ27ኛው እርምጃ ጨረሰው። የማሳያት እንድትፈራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ያዘችኝ። 16ኛው እርምጃ ላይ ነጩ ሁሉም የሚጠብቀውን ቢሾፕ ወደ ኤች6 አላደረገም። ፈረሱን ከዲ4 ወደ ኢ2 መለሰ።

«ለምን ወደ ኋላ?» አለች።

ሲ3 ላይ ያለውን ሌላውን ፈረስ ለመደገፍ ነው። ጥቁሩ ሩኩን በዚያ ፈረስ ላይ መጣል ይወዳል። ካርፖቭ መጀመሪያ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ ማጥቃቱን ቀጠለ። «በሩን ባይዘጋስ?» አለች። ቆርኪውን አንሥታ ሲ3 ላይ አስቀመጠችው። ጎማው እስኪታሰር እሱን ስናይ ቆየን።

ቁልቢን ስናልፍ መሽቷል። በአውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ ሰው ወደ ገብርኤል ዞሮ አማተበ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮ ይደፍናል፣ በመስኮት የሚገባው አየር በየመታጠፊያው ይሞቃል። ሹራቤን አወለቅኩ። ታች የድሬ መብራት።

ሐሙስ ሌሊት፤ ሳቢያን

ከመናኸሪያ ሳቢያን ድረስ ባጃጁ 150 ብር ጠየቀ፣ በ100 ተስማማን። ያረፍነው የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ነው። እናቱ በር ላይ ቆመው «አቦ ምን ዋጣችሁ? ሩዙ ሁለቴ ሞቀ!» አሉን። ሩዝ በሥጋ፣ ከጎኑ ባስባስ። ልጅቷ ባስባሱን እንደ አዋዜ መስሏት በማንኪያ ወሰደች። ውሃ በጆግ መጣ።

አባትየው የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከተማዋም ከእሱ ጋር ነው የተወለደችው። ስለዚህ እዚህ አገር የባቡር ሠራተኛ የነበረ ሰው እንደ መሥራች ነው የሚራመደው። እሳቸውም እንዲያ ናቸው። በየመሃሉ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ቼዝ ከአንድ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነው የተማሩት። ልጅቷን «በምን ትከላከያለሽ?» አሏት። ድራጎን ስትል ሳቁ። «በርቺ፣ ወይ ትበያለሽ ወይ ትበያለሽ» አሉ፣ ሁለተኛውን አጥብቀው።

ዓርብ፤ ቀፊራና ከዚራ

ውድድሩ ቅዳሜ ስለሆነ ቀኑ የእኛ ነው። ቁርስ ፉል በልተን፣ ሁለት ሰው በሻይ 230 ብር፣ ቀፊራ ገበያ ገባን። የግመል ወተት፣ ሎሚ፣ ከሰል፣ የሶማሌ ሽርጥ፣ የአፋር ቢላ። የሚነገረውን ቋንቋ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። አንዲት ሻጭ ለእኔ በአማርኛ፣ ለጎረቤቷ በኦሮምኛ፣ ለልጇ በሶማሊኛ ባንድ ትንፋሽ ስታወራ ሰማሁ።

የደቻቱን ወንዝ ተሻገርን። አሁን አሸዋ ነው፤ ሰው መሃሉ ላይ ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ይሄው አሸዋ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ብዙ ሰው በልቷል። ከወዲያ ማዶ ከዚራ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ፣ ፈረንሳዮቹ የሠሯቸው ቤቶች። አዲስ አበባ የዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ለመጠጣት ስንት ታክሲ እንደሚያዝ እናውቃለን። እዚህ ወንበሩ መንገድ ላይ ነው። ማኪያቶ 45 ብር።

ከሰዓት ምዝገባ ነበር። የት/ቤት አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከጣራው ላይ ሁለት ማራገቢያ። ስዊስ (በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው የሚገናኙበት)፣ አምስት ዙር፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ከ30 ሰከንድ ጭማሪ ጋር። ዲጂታል ሰዓት ለሁሉም ቦርድ አልበቃም። የመጨረሻዎቹ ቦርዶች ጭማሪ በሌለው በድሮው ባለ መርፌ ሰዓት ተጫወቱ። ማንም አላጉረመረመም፣ እኔ በሆዴ አጉረመረምኩ። አንድ ውድድር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጊዜ መኖር የለበትም።

ቅዳሜ፤ አዳራሹ

የመጀመሪያውን ዙር በነጭ ቶሎ ጨረሰች። ሁለተኛው አቻ። የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ነው።

ተጋጣሚዋ የድሬ ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ፈጣን እጅ ያለው። ሁሉም ያውቀዋል። ቦርዱ ዙሪያ ሰው ስለበዛ ዳኛው ገመድ አሰረ። ልጁ ወታደሩን ኢ4 ገፋ። እሷ ሲ5። ከዚያ ሁለቱም ሰዓቱን እየመቱ የሚሽቀዳደሙ መሰሉ። ቢሾፕ ኢ3፣ ቢሾፕ ጂ7፣ ወታደር ኤፍ3፣ ንግሥት ዲ2፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ካስል በረጅሙ። አሥራ አንድ እርምጃ በአራት ደቂቃ አለቀ። ዛሬ ልጆች ይህን ሁሉ ከስልክ ይማሩታል። መጽሐፍ ፍለጋ ፒያሳ ለተንከራተተ ለእኔ ትውልድ ያናድዳል፣ ደስም ይላል።

12ኛው ላይ ልጁ ኤች4 ገፋ። እዚህ ጥቁሩ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የራሱን ወታደር ኤች5 አድርጎ መንገዱን መዝጋት ነው፣ የሶልቲስ መንገድ። እኔ ያስጠናኋት እሱን ነው። እሷ ፈረሷን ሲ4 ላይ አስቀመጠች። የኮርችኖይን መንገድ! ያ የተሸነፈበትን! ግድግዳው ጋ ቆሜ ላብ በላብ ሆንኩ። በዚያ ላይ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ሰዓቶቹ በባትሪ ስለሚሠሩ ጨዋታው አልቆመም። ዳኛው መስኮቶቹን ከፈተ፤ አቧራና የባጃጅ ድምፅ ገባ።

ቢሾፕ ፈረሱን በላ፣ ሩክ ቢሾፑን በላ። ልጁ ኤች5 ገፋ፣ ፈረሷ ወታደሩን በላ፣ ጂ4፣ ፈረሱ ወደ ኤፍ6 ተመለሰ። ቃል በቃል የ1974ቱ ጨዋታ ነው። የኤች መስመር ተከፍቷል። ነጩ አንድ ወታደር ከፍሎ መንገዱን ገዝቷል ማለት ነው።

ልጁ ያን ጊዜ ትንሽ አሰበ። ብዙ አይደለም። ከዚያ ቢሾፑን ኤች6 ላይ አስቀመጠ።

እጁ የሄደበትን አልፈርድበትም። ማንም ልጅ የሚያደርገው ነው፦ መስመሩ ተከፍቷል፣ የጠባቂውን ቢሾፕ ለውጥ፣ ንግሥቱን አስገባ፣ ሜት፣ ንጉሡ መውጫ የለውም። አሜሪካዊው ፊሸር በ1958 እ.ኤ.አ. ፖርቶሮዥ ላይ ዴንማርካዊውን ላርሰንን በዚህ ዓይነት ማጥቃት ሲያሸንፍ 15 ዓመቱ ነበር። ግን በሩ አልተዘጋም። ፈረሱ ወደ ኢ2 አልተመለሰም።

የእህቴ ልጅ ቀና ብላ ጣራውን አየች። ዘጠኝ ደቂቃ። በኋላ ከጻፈችው ወረቀት ነው ያየሁት፣ ለእኔ ግማሽ ቀን ነበር። ከዚያ ፈረሷን አንሥታ የኢ4ን ወታደር በላች።

ከኋላዬ የነበሩ አንድ አባት «ውይ፣ ፈረሷን ሰጠች» አሉ። አልሰጠችም። የኤፍ3 ወታደር ቢበላው ዲ4 ላይ ያለው ፈረስ ይወድቃል። ደግሞ ያ ጥቁር ፈረስ የነጩን ንግሥት እየነካ ነው። ልጁ ተረድቶታል፣ ፊቱ ተለወጠ። ንግሥቱን ወደ ኢ3 አሸሸ፤ ከነበሩት ውስጥ ጥሩው መልስ እሱ ነው። እሷም ሳትቆይ ሩኩን ሲ3 ላይ ጣለች። ከሂርና ወዲያ ቆርኪው ያረፈበት ቤት ላይ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሩክ ሰጥታ ፈረስ ወስዳለች፣ ግን ሁለት ወታደር ትርፍ አላት። ከሁሉ በላይ የነጩ ንጉሥ ደጅ ፈራርሷል፤ የሲ ወታደሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ቆመዋል። ቢሾፖቹ ጂ7 ላይ ተለዋወጡ። ልጁ ሩኩን ወደ ኤች2 አነሣ፣ ሌላውንም ከኋላ ሊያሰልፍ። እዚህ ላይ አብዛኛው ልጅ በድሉ ሰክሮ ንግሥቱን ይዞ ይሮጣል። እሷ ሩኳን ከኤፍ8 ወደ ኤች8 አደረገች፣ የኤች7ን ወታደር ለመጠበቅ ብቻ። እኔን ያስገረመኝ ሩኩን የጣለችው አይደለም፣ እሱን በመንገድ ላይ አይተነዋል። ይህችኛዋን ማንም አላሳያትም።

ልጁ ጂ5 ሲገፋ ፈረሷ ኤች5 ላይ ተቀመጠ፣ መስመሩ ተዘጋ፣ ማጥቃቱም አበቃ። ቀሪው አሰልቺ ነበር፣ ለእኔ በጣም ደስ የሚል አሰልቺ። ንግሥቶቹ ተለዋወጡ። ወታደሮቿ መውረድ ጀመሩ። 47ኛው ላይ ልጁ እጁን ዘረጋ።

መብራቱ ያን ጊዜ መጣና አዳራሹ አጨበጨበ። ለመብራቱ ነው።

ውጪ ሁለቱ ልጆች ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጨዋታውን ከመጀመሪያው ደገሙት። ልጁ «ፈረሱን ወደ ኢ2 ብመልሰውስ?» አለ፣ ራሱ አገኘው። «እሱን ነበር የፈራሁት» አለችው። ሳምቡሳ ገዛላት፣ አንዱ 15 ብር። ለእኔ አልገዛልኝም።

እሁድ፤ የመጨረሻ ዙር

ጠዋት አሸነፈች። ከሰዓት በጥቁር ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ተመደበች፣ እግሯ ወለል የማይነካ። ድራጎን እንደገና። ትንሿ ልጅ ግን ቢሾፑን ሲ4 ከማድረጓ በፊት ዘጠነኛው ላይ ካስል አደረገች። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቢሾፑ እዚያ ስለሌለ ጥቁሩ ወዲያው ዲ5 ብሎ መሃሉን መስበር ይችላል። ደግሞም አለበት። የእህቴ ልጅ ታውቀዋለች። ግን የትናንቱን ፈለገች። ዲ5 አልገፋችም፣ ሩኳን ወደ ሲ8 ለማምጣት ሄደች። ትንሿ ልጅ ጂ4፣ ኤች4፣ ኤች5። ዛሬ ያረፈደችው የእኛዋ ናት። በ26ኛው ሜት።

አለቀሰች። ብዙ አይደለም። ውጤቱ አምስተኛ ነው፤ የምስክር ወረቀት፣ ሜዳሊያ የለም። ማታ አባትየው ቦርድ አስመጥተው ዘጠነኛውን እርምጃ አሳዩኝ አሉ። ዲ5ን ሲያዩ «እንዴ፣ ይህማ በር ነው» አሉ። ከዚያ እኔንም እሷንም ዳማ አሸነፉን። እዚህ አገር ቼዝ ከመምጣቱ በፊት ሰንጠረዥ ነበር፤ በጥንቱ ሰንጠረዥ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። እሱን ነግሬያቸው አላመኑኝም። «ተራ የሌለው ጨዋታ ጠብ ነው» አሉ።

ሰኞ፤ ሐረር

ድሬ መጥቶ ሐረር ሳይወጡ መመለስ ነውር ነው። ሚኒባሱ በደንገጎ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ አስገባን። ቅዝቃዜው ተመለሰ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ውስጡ ሲገባ መንገዱ ይጠብና ግድግዳው ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። ጠፋን፣ አንዲት እናት በእጃቸው ይዘው አወጡን። ሁልበት መረቅ በላን፣ ልጅቷ ከድሬው ባስባስ በኋላ በጥርጣሬ ነው የቀመሰችው። ጅብ ማታ ሲበላ ለማየት 300 ብር ከፈልን። እሷ ሥጋውን በእንጨት ይዛ አበላች፣ እኔ ከባጃጁ አልወረድኩም።

ማክሰኞ፤ መልስ

ጎማ አልፈነዳም። እናትየው ሎሚና አንድ ብልቃጥ ባስባስ አስያዙን፣ ብልቃጡ ጭሮ ጋ ፈሰሰ። ሻንጣዬ እስካሁን ይሸታል።

ከአዋሽ እስከ አዳማ ስለሚቀጥለው ውድድር ተከራከርን። እኔ አሁንም ካሮ ካን ነኝ። እሷ ካስፓሮቭ በ1995 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ፣ ለዓለም ሻምፒዮና፣ ከአናንድ ጋር ድራጎን ተጫውቶ ማሸነፉን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አመጣችብኝ። እሱ ካስፓሮቭ ነው አልኳት። በዘጠነኛው ካስል ቢያደርጉብሽስ? «ዲ5» አለች፣ ቀና ሳትል። ኢ2 ላይ ፈረስ ቢመልሱብሽስ? እሱን ዝም አለች። ቦርዱን አወጣች፣ ቆርኪውን ሲ4 ላይ አስቀመጠች። አዳማ ላይ ብርቱካን ልገዛ ስወርድ ኮርችኖይ የት ላይ እንደሳተ እየፈለገች ነበር። ኪሎው 180 ብር ሆኗል።